ዊንዶውስ ተርሚናልን ከራስ የሥራ ፎልደር ማስነሳት (ዲ ድራይቭ፣ በአማርኛ የተሰየመ ፎልደር፣ ኡቡንቱ)

ቁጥር_ወዳዷ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምጠቀመው ዊንዶውስ 11 ነው፤ ተርሚናሉም አብሮት የመጣው ዊንዶውስ ተርሚናል። በከፈትኩት ቁጥር የሚነሳው ሲ ድራይቭ ውስጥ ካለው የዩዘር ፎልደሬ ነው። ሥራዬ በሙሉ ያለው ግን ዲ:\ሥራ\ሪፖርት ውስጥ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ወደ ዲ መሻገር፣ ከዚያ ሲዲ (ፎልደር መቀየሪያው ትዕዛዝ) እያሉ መውረድ የየቀኑ ነገር ሆኗል።

እስካሁን ሦስት ነገር ሞክሬያለሁ። ዴስክቶፕ ላይ ባለው ሾርትከት ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ስታርት ኢን» በሚለው ቦታ የፎልደሩን አድራሻ ጻፍኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። የፓወርሼል ፕሮፋይል ፋይል ውስጥ የሲዲ ትዕዛዝ አስገባሁ፤ ይኼኛው ሠራ፣ ነገር ግን ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ ሌላ ፎልደር ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጌ «ኦፕን ኢን ተርሚናል» ስል እሱም ዲ:\ሥራ\ሪፖርት ላይ ይጥለኛል። በዊንዶውስ ቁልፍና በአር ሲኤምዲ ብዬ ስከፍት ደግሞ አሁንም የዩዘር ፎልደሬ ነው።

ትክክለኛው ቦታ የቱ ነው? ለሁለት ፕሮጀክት ሁለት መነሻ መስጠት ይቻላል? የፎልደሩ ስም በአማርኛ መሆኑስ ችግር ያመጣል? በደብሊውኤስኤል (ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ በሚያሠራው) ኡቡንቱም ጭኛለሁ፤ እሱ ከራሱ ሆም እንዲነሳ እፈልጋለሁ።

ጥቁር_መስኮት፦

ሰላም እህቴ። ትዕዛዞቹንና የሜኑ ስሞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፤ ስትተይቢ በላቲን ፊደል ነው።

በመነሻ ፎልደር ላይ ቃል ያላቸው ሦስት ናቸው። መጀመሪያ ተርሚናሉን የከፈተው (ሾርትከት፣ ኤክስፕሎረር፣ የረን ሳጥን)፣ ቀጥሎ ተርሚናሉ ራሱ፣ መጨረሻ ላይ ውስጡ የሚሠራው ሼል (ፓወርሼል፣ ሲኤምዲ፣ ባሽ)። ኋላ የተናገረው የፊተኛውን ይሽራል። ሾርትከቱ ላይ የጻፍሽውን የሻረው ተርሚናሉ ነው፤ ምክንያቱም በፋብሪካ ሴቲንጉ መነሻው %ዩዘርፕሮፋይል% (የዩዘር ፎልደርሽ) ተብሎ ተቀምጧል። የኤክስፕሎረሩን ቀኝ ክሊክ የሻረው ደግሞ በፓወርሼል ፕሮፋይል ውስጥ ያስገባሽው ሲዲ ነው፤ ተርሚናሉ በትክክለኛው ፎልደር ከፍቶልሽ ነበር፣ ሼሉ ተነስቶ ስክሪፕቱን ሲያነብ ወደ ዲ ወሰደሽ። ስለዚህ ቦታው መሐል ላይ ነው፣ ተርሚናሉ ውስጥ። መጀመሪያ ያንን የሲዲ መስመር ሰርዢው፤ ሳትሰርዢው ሌላውን ብታስተካክዪ ለውጡን አታዪውም።

ከዚያ፦

1. ከታቦቹ ጎን፣ ከመደመር ምልክቷ ቀጥላ ያለችውን ወደ ታች የምታመለክት ቀስት ተጫኚና ሴቲንግስ ግቢ። (ኮንትሮልና ኮማም ይከፍተዋል፤ ግን ኪቦርድሽ አማርኛ ላይ ካለ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ መልሺው።)

2. «ስታርታፕ» የሚለው ገጽ ላይ «ዲፎልት ፕሮፋይል» የትኛው እንደሆነ እዪ (እዚህ ፕሮፋይል የሚባለው ተርሚናሉ የሚከፍተው ሼል ከነሴቲንጉ ነው፣ የፓወርሼሉ ፋይል አይደለም)። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ዊንዶውስ ፓወርሼል» አብሮ የሚመጣው 5.1 ነው፤ «ፓወርሼል» ብቻ የተባለው ለብቻው የሚጫነው 7 ነው፤ «ኮማንድ ፕሮምፕት» ሲኤምዲ ነው። የአንዱን መነሻ ቀይረሽ የሚከፈትልሽ ሌላው ከሆነ ምንም ያልሠራ ይመስልሻል።

3. በግራ በኩል ያንኑ ፕሮፋይል ምረጪ፤ «ስታርቲንግ ዳይሬክተሪ» የሚለውን ክፈቺ። «ዩዝ ፓረንት ፕሮሰስ ዳይሬክተሪ» የሚለው ሳጥን ምልክት ካለበት አንሺው፤ ምልክቱ እስካለ ድረስ ከሱ በላይ ያለው የመጻፊያ ቦታ አይሠራም።

4. አድራሻውን በእጅሽ አትጻፊ። «ብራውዝ» ብለሽ ፎልደሩን ራሱን ምረጪ። ለምን እንደሆነ ባለ_ፊደል ከኔ በተሻለ ያስረዳሻል ብዬ አስባለሁ፤ በአማርኛ ለተሰየመ ፎልደር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

5. ከታች በቀኝ በኩል «ሴቭ»። ቀድመው የተከፈቱ ታቦች አይለወጡም፤ አዲስ ታብ ክፈቺና እዪ።

ለሁሉም ፕሮፋይል አንድ መነሻ ከፈለግሽ «ዲፎልትስ» የሚለው ገጽ ላይ ማስገባት ይቻላል። ነገር ግን አንድ ፕሮፋይል የራሱ እሴት ካለው የራሱ ይበልጣል። ከሴቲንጉ ስም ጎን ጠመዝማዛ ቀስት ካየሽ «ይህ ፕሮፋይል ከዲፎልትስ የተለየ ነገር ይዟል» ማለት ነው፤ ቀስቷን ስትጫኚ ወደ ጋራው ይመለሳል። ኡቡንቱ ስላለሽ ግን ዲፎልትስን ተይው፤ ዲ:\ሥራ እዚያ ላይ ካስገባሽ ኡቡንቱም ከዲ ድራይቭ ይነሳል።

የረን ሳጥኑ ጉዳይ ለየት ይላል። ሲኤምዲ ብለሽ ስትከፍቺ የተጀመረው ተርሚናሉ አይደለም፣ ሲኤምዲ ራሱ ነው። ዊንዶውስ 11 መስኮቱን ለዊንዶውስ ተርሚናል አስረክቦ ያሳይሻል እንጂ ሲኤምዲው መነሻውን ይዞ ተነስቷል፤ የፕሮፋይሉ «ስታርቲንግ ዳይሬክተሪ» አይደርስበትም። ከሲኤምዲ ይልቅ ደብሊውቲ ብለሽ ክፈቺ፤ ያኔ ተርሚናሉ ከመጀመሪያው ስለሚነሳ ሴቲንግሽ ይከበራል።

ሾርትከቱን በተመለከተ፣ «ስታርት ኢን» እንዲሠራ ያቺን «ፓረንት ፕሮሰስ» የምትል ሳጥን ማብራት ይቻላል። ግን አልመክርሽም። ከስታርት ሜኑ ወይም ከታስክባር ስትከፍቺው የሚነሳው ከሲ:\ዊንዶውስ\ሲስተም32 ይሆናል። እዚያ ቆሞ የመሰረዝ ትዕዛዝ መስጠት ምን ሊያመጣ እንደሚችል መገመት አያቅትም።

ለሁለት ፕሮጀክት ሁለት መነሻ ይቻላል፣ እጅግም ይጠቅማል። ሴቲንግስ ውስጥ «አድ ኤ ኒው ፕሮፋይል» ብለሽ ያለውን ፕሮፋይል አባዢ፤ ስሙን ለውጪ፣ መነሻውን ለውጪ፣ የታቡንም ቀለም ለይተሽ ስጪው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና 1 በዝርዝሩ መጀመሪያ ያለውን ፕሮፋይል ይከፍታል፣ 2 ሁለተኛውን፣ እስከ 9 ድረስ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለመክፈት ደግሞ ሾርትከት ሠርተሽ «ታርጌት» ላይ ይህን አስገቢ፦

ደብሊውቲ -ዲ "ዲ:\ሥራ\ሪፖርት" ; ኒው-ታብ -ዲ "ዲ:\ሥራ\መረጃ"

ሁለት ጥንቃቄ አለው። አድራሻው በ\ እንዲያልቅ አታድርጊ፤ ከመዝጊያው ጥቅስ በፊት \ ካለ ጥቅሱን እንደ ተራ ምልክት ስለሚያስቆጥረው የቀረው ትዕዛዝ ይምታታል። የድራይቩን ሥር ራሱን ከፈለግሽ "ዲ:\." ብለሽ ነጥብ ጨምሪ። ሁለተኛ፣ ይህን መስመር ከሾርትከት ሳይሆን ከፓወርሼል ውስጥ ካስኬድሽው ድርብ ሰረዟን (;) ፓወርሼል ለራሱ ይወስዳታል፤ ከፊቷ ` ምልክት አድርጊባት።

ቁጥር_ወዳዷ፦

እጅግ አመሰግናለሁ፤ የሦስቱ ቅደም ተከተል ሁሉን ግልጽ አደረገልኝ። የፓወርሼሉ በብራውዝ ተስተካክሏል። የኮማንድ ፕሮምፕቱን ግን አድራሻው አጭር ነው ብዬ በእጄ ጻፍኩትና ታቡ ሲከፈት ስታርቲንግ ዳይሬክተሪውን ማግኘት እንዳልቻለ ይነግረኛል፤ የስህተቱ ቁጥር 2147942667 ነው። ሁለቱ ፕሮፋይሎች ላይ ያለውን ጽሑፍ ጎን ለጎን ሳየው አንድ ነው፤ ዲ:\ሥራ\ሪፖርት።

ባለ_ፊደል፦

2147942667 ማለት «የፎልደሩ ስም ትክክል አይደለም» ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፎልደሩ በዚያ ስም የለም። በአማርኛ ለተሰየመ ፎልደር ደግሞ ዓይን የማይለያቸው ሁለት ወጥመዶች አሉ።

አንደኛው ሞክሼ ፊደል ነው። ሥራ እና ስራ ለኛ አንድ ቃል ናቸው፤ ለዊንዶውስ ግን ከአባይና ከአዋሽ ያልተናነሰ የተለያዩ ናቸው። በንጉሡ ሠ የሚጻፈው ሥ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ቁጥሩ 1225 ነው፣ በእሳቱ ሰ የሚጻፈው ስ 1235 (ሁለቱም በሄክሳዴሲማል)። ዊንዶውስ የእንግሊዝኛውን ትልቅና ትንሽ ፊደል አንድ አድርጎ ያያል እንጂ ሞክሼ የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ ዲ:\ሥራ እና ዲ:\ስራ ሁለት ፎልደር ሆነው ጎን ለጎን መቀመጥ ይችላሉ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ኃ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ላይም እንደዚሁ ነው። ሐምሌን ያስገባ ሰው ኋላ ሀምሌ ብሎ ይፈልጋል። የፊደሉን መልክ በትንሽ ፎንት ካየሽው የሥ እና የስ ልዩነት በቀላሉ ያመልጣል።

ሁለተኛው ሁለት ነጥቡ ነው። ከድራይቩ ፊደል ቀጥሎ የምትገባው የእንግሊዝኛዋ : ናት። ሥራ የሚለውን ለመጻፍ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ከቀየርሽ በኋላ ተመልሰሽ ነጥቧን ካስገባሽ፣ እንደ ኪቦርዱ ዓይነት የግዕዙ ፡ ሊገባ ይችላል። ዊንዶውስ ፡ን ተራ የስም ፊደል አድርጎ ስለሚቀበለው «ድራይቭ» የሚለው ትርጉም ይጠፋና አድራሻው የሌለ ፎልደር ይሆናል።

ለመፈተሽ፦ ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ ፎልደሩ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገሽ «ኮፒ አዝ ፓዝ» በዪ፤ ሴቲንጉ ውስጥ ያለውን በሙሉ ደምስሰሽ ያንን ለጥፊ፣ ከዳርና ከዳር ያሉትን ጥቅሶች አጥፊ። ብራውዝ ያልሽው የሠራውም፣ የጻፍሽው ያልሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ፊደሉ ትክክል ሆኖ ያው ስህተት የሚመጣባቸው ሌሎች ሁኔታዎችም አሉ። ዲ ተነቃይ ዲስክ ከሆነና ካልተሰካ፣ ወይም ቢትሎከር ተቆልፎበት ገና ካልተከፈተ። የኔትወርክ ድራይቭ ከሆነና ተርሚናሉ «ረን አዝ አድሚኒስትሬተር» ከተከፈተ፤ በተራው ዩዘር የተያያዘ የኔትወርክ ድራይቭ ለአድሚኑ ክፍለ ጊዜ አይታይም። ዴስክቶፕን ወይም ዶክመንትስን መነሻ ያደረገ ሰው ደግሞ ዋንድራይቭ ባክአፕ በርቶ ከሆነ ፎልደሩ ወደ ዋንድራይቭ ሥር ተዛውሯል፤ የድሮው አድራሻ ወይ የለም ወይ ባዶ ነው።

ከሴቲንጉ ገጽ ይልቅ የጄሰን ፋይሉን በቀጥታ የምታርሙ ካላችሁ (በሴቲንግስ ግራ ታችኛው ጥግ «ኦፕን ጄሰን ፋይል»)፣ እያንዳንዷ \ ሁለት መሆን አለባት፦ "ዲ:\\ሥራ\\ሪፖርት"። ነጠላ ከሆነች ፋይሉ አይነበብም፤ ተርሚናሉም ሴቲንጉን መጫን እንዳልቻለ ያሳውቃል። / ብትጠቀሙም ይሠራል፤ ለእኔ ይኼኛው ይሻለኛል፣ የሚረሳ ነገር ስለሌለው። ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 ስለሆነ አማርኛው ሳይበላሽ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ፣ አማርኛ መሆኑ ችግር ያመጣል ወይ? ተርሚናሉ፣ ፓወርሼልና ሲኤምዲ በውስጣቸው ዩኒኮድ ስለሆኑ ፎልደሩ ውስጥ ይገባሉ፣ ይዘረዝራሉ። ችግሩ የሚመጣው ከዳር ነው።

የስክሪፕት ፋይል ውስጥ ስሙን ስትጽፊ ተጠንቀቂ። ዊንዶውስ ፓወርሼል 5.1 ቦም (ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የሚቀመጥ የማይታይ የኢንኮዲንግ ምልክት) የሌለውን ፋይል በድሮው የአንሲ ኮድ ነው የሚያነበው። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ሥራ የሚለው ባለ ሁለት ፊደል ቃል ስድስት የማይታወቁ ምልክቶች ሆኖ ይነበብና ፎልደሩ አልተገኘም ይላል። ኖትፓድ አሁን ያለ ቦም ነው ሴቭ የሚያደርገው፤ ስለዚህ «ሴቭ አዝ» ብለሽ ኢንኮዲንጉን «ዩቲኤፍ-8 ዊዝ ቦም» አድርጊው። ፓወርሼል 7 ያለ ቦምም በትክክል ያነባል። የባች ፋይል ከሆነ ከአማርኛው ስም በፊት «ሲኤችሲፒ 65001» የሚል መስመር አስቀድሚ፤ ባች ላይ ግን ቦም አታድርጊ፣ የመጀመሪያውን መስመር ያበላሻል።

ሌላው የቆዩ ፕሮግራሞች ናቸው። ለአማርኛ የተመደበ የአንሲ ኮድ ገጽ ዊንዶውስ ውስጥ ከመጀመሪያውም አልነበረም፤ ፊደላችን የሚኖረው በዩኒኮድ ብቻ ነው። ዩኒኮድ የማይጠቀም ፕሮግራም ሥራ የሚለውን ?? አድርጎ ይቀበላል። ? ደግሞ ለፋይል ስም ስለማይፈቀድ «ፋይሉ የለም» ይልሻል። የአገር ሴቲንግ ውስጥ ዩቲኤፍ-8ን ለሁሉም ቋንቋ የሚያበራ፣ ቤታ የተባለ ሳጥን አለ፤ ብዙዎቹን ያድናል፣ አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞችን ደግሞ ያበላሻል፣ ኮምፒውተሩን ዳግም ማስነሳትም ይጠይቃል። ለአንድ ፎልደር ብዬ እሱን አልነካም። በሱ ፈንታ መተላለፊያ በር መሥራት ይቀላል። በሲኤምዲ፦

ኤምኬሊንክ /ጄ ዲ:\ወርክ "ዲ:\ሥራ"

ወርክ የሚለውን በላቲን ፊደል ጻፊ። ፎልደሩ አይባዛም፣ ሁለተኛ ስም ነው የሚያገኘው። ለሰው በአማርኛው፣ ለግትር ፕሮግራም በላቲኑ ትገቢያለሽ። በሩን ማንሳት ስትፈልጊ «አርኤምዲር ዲ:\ወርክ» ብቻ በዪ። ውስጥ ገብተሽ ፋይል አትሰርዢ፤ የምትሰርዢው እውነተኛውን ነው።

ፎንቱን ካነሳን አይቀር፣ የተርሚናሉ ካስካዲያ ሞኖ የግዕዝ ፊደል የለውም። ዊንዶውስ ተርሚናል ከኢብሪማ ተበድሮ ያሳይሻል፤ የድሮው ኮንሶል መስኮት ግን ባዶ ሳጥን ሊያሳይ ይችላል። ሳጥን ስላየሽ ስሙ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ሼል_ለሼል፦

የኡቡንቱው ቀላል ነው። በሴቲንግስ የኡቡንቱን ፕሮፋይል ክፈቺ፣ «ስታርቲንግ ዳይሬክተሪ» ላይ ~ ብቻ አስገቢ፣ ሴቭ። ተርሚናሉ ይህን ለደብሊውኤስኤል በ«--ሲዲ» አድርጎ ያቀብለዋል። ከ/ሆም ጀምሮ ሙሉ የሊኑክስ አድራሻም ይቀበላል። ይህ የሚሠራው ግን የፕሮፋይሉ «ኮማንድ ላይን» በደብሊውኤስኤል ሲጀምርና ራሱ «--ሲዲ» ወይም ~ ካልያዘ ነው። ከድሮ የተቀዳ መመሪያ ተከትለሽ እዚያ ላይ የጨመርሽው ካለ አንሺው።

ሆሙን መምረጥሽ ትክክል ነው፣ ለምቾት ብቻም አይደለም። ካልነካሽው /ኤምኤንቲ/ሲ ሥር ባለው የዊንዶውስ ፎልደርሽ ሊነሳ ይችላል። ደብሊውኤስኤል 2 የዊንዶውስን ዲስክ የሚያገኘው እንደ ኔትወርክ በመሰለ መንገድ ስለሆነ፣ ብዙ ትንንሽ ፋይሎች ያሉት ሥራ (ጊት፣ የፓይተን ቨርችዋል ኢንቫይሮንመንት) እዚያ በግልጽ ይዘገያል። የሊኑክስ ሥራ በሊኑክስ ሆም ውስጥ ይቀመጥ።

የባሽ ስክሪፕትሽ መጨረሻ ላይ «ሲዲ ~» የሚል መስመር የሚያስገቡ አሉ። በፓወርሼል ያየሽው ችግር ነው ተመልሶ የሚመጣው፤ ቪኤስ ኮድ ውስጥ ተርሚናል ስትከፍቺ እንኳ ከፕሮጀክቱ አውጥቶ ይወስድሻል። ቪኤስ ኮድን ካነሳሁ፣ እሱ የዊንዶውስ ተርሚናልን ሴቲንግ አያነብም። በነባሪው የተከፈተው ፕሮጀክት ሥር ነው የሚነሳው፤ መለወጥ ከፈለግሽ የራሱ ሴቲንግስ ውስጥ «ተርሚናል ኢንተግሬትድ ሲደብሊውዲ» የሚለውን ፈልጊ።

የፓወርሼል ፕሮፋይልን መንገድ የግድ የሚፈልግ ሰው (ለምሳሌ ተርሚናል በማይቀየርበት የመሥሪያ ቤት ማሽን ላይ) ሁኔታ ያስገባበት፤ «አሁን ያለሁበት ፎልደር ሆም ከሆነ ብቻ ሂድ» የሚል ኢፍ። ያኔ ከኤክስፕሎረር ሲከፈት መነሻው ሆም ስላልሆነ ስክሪፕቱ አይነካውም። 5.1 እና 7 የፕሮፋይል ፋይላቸው የተለያየ ፎልደር ውስጥ መሆኑን አትርሱ፤ «ኖትፓድ $ፕሮፋይል» ብላችሁ በየራሳቸው ውስጥ ክፈቱት።

በሲኤምዲ በኩል ደግሞ ሬጂስትሪ ውስጥ «አውቶረን» የሚባል ቁልፍ ላይ ሲዲ አስገቡ የሚል ምክር ታገኛላችሁ። እባካችሁ አታድርጉት። አውቶረን የሚሠራው እናንተ ለከፈታችሁት መስኮት ብቻ አይደለም፤ ሌላ ፕሮግራም ከጀርባ ሲኤምዲን በጠራ ቁጥር ሁሉ ነው። ኢንስቶለሩ፣ ኮድ የሚገነባው መሣሪያ፣ ሁሉም ከቆሙበት ፎልደር ተነቅለው ዲ ላይ ይገኛሉ፤ ስህተቱም ከየት እንደመጣ ማንም አይጠረጥርም። ከዚህ ቀደም ያስገባ ካለ፣ ሲኤምዲን በ/ዲ ሲከፍተው ችግሩ ከጠፋ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ቁጥር_ወዳዷ፦

ባለ_ፊደል፣ ልክ እንዳልከው ሞክሼው ነው። ፎልደሩ በእሳቱ ሰ፣ ስራ ተብሎ ነው የተሰየመው፤ እኔ ሥራ ብዬ ጻፍኩት። በ«ኮፒ አዝ ፓዝ» ተስተካከለ። ኡቡንቱም በ~ ከሆሙ ተነስቷል። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አንድ ቀረኝ። ሪፖርት ውስጥ ሆኜ ወደ ንዑስ ፎልደር ከወረድኩ በኋላ አዲስ ታብ ስከፍት እዚያው ካለሁበት እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል?

ጥቁር_መስኮት፦

ይቻላል፣ ግን በመደመር ምልክቷ አይደለም። እሷ ሁልጊዜ የፕሮፋይሉን መነሻ ነው የምትከፍተው። ያለሽበትን የሚያባዛው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲ ነው፤ በዚያው ታብ መስኮቱን ለሁለት ከፍሎ ለማባዛት አልት፣ ሺፍትና ዲ።

አሁን ብትሞክሪው ግን መልሶ ከመነሻው ይከፍትልሻል። ተርሚናሉ ሼሉ ውስጥ የት እንደደረስሽ አያይም፤ ሼሉ ሊነግረው ይገባል። የሚነግረውም ፕሮምፕቱን በጻፈ ቁጥር በማይታይ መልእክት ነው፦ ኤስኬፕ (ካራክተር ቁጥር 27)፣ ከዚያ ]9;9; ከዚያ ያለሽበት ፎልደር፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ኤስኬፕና \።

ለሲኤምዲ አንድ መስመር ይበቃል። ሲኤምዲ ውስጥ፦

ሴትኤክስ ፕሮምፕት "$ኢ]9;9;$ፒ$ኢ\$ፒ$ጂ"

$ኢ ኤስኬፕ ነው፣ $ፒ ያለሽበት ፎልደር፣ $ጂ የታላቅ ምልክቱ (>)። የመጨረሻዎቹ $ፒ$ጂ ለዓይንሽ የሚታዩት የተለመደው ፕሮምፕት ናቸው። ሴትኤክስ የተከፈተውን ታብ አይለውጥም። ተርሚናሉን ሙሉ በሙሉ ዝጊና ክፈቺው።

ለፓወርሼል «ፕሮምፕት» የሚል ፈንክሽን በፕሮፋይል ፋይሉ ውስጥ ይጻፋል፤ ሥራው ያንኑ መልእክት ከተለመደው ፕሮምፕት በፊት ማውጣት ነው። የማይክሮሶፍት የዊንዶውስ ተርሚናል መመሪያ ውስጥ ታብን በዚያው ፎልደር ስለመክፈት የሚያስረዳው ገጽ ላይ ሙሉው ፈንክሽን አለ፤ ከዚያ ቅጂው። ፈንክሽኑ የሚፈትሸው አንድ ነገር አለ፣ እሱን አታጥፊው፦ ያለሽበት ቦታ እውነተኛ የፋይል ፎልደር መሆኑን። ፓወርሼል ሬጂስትሪ ውስጥም እንደ ፎልደር ሲዲ ብሎ ይገባል፤ ያንን አድራሻ ለተርሚናሉ ብትልኪው ቀጣዩ ታብ ያንኑ የሰሞኑን 2147942667 ይዞ ይመጣል። ስክሪፕት ማስኬድ ተከልክሏል የሚል ቀይ ጽሑፍ ከመጣ፣ ለራስሽ ዩዘር ብቻ «ሴት-ኤክስኪዩሽንፖሊሲ -ስኮፕ ከረንትዩዘር ሪሞትሳይንድ» በቂ ነው።

ሼል_ለሼል፦

ለባሽ «ፕሮምፕት ኮማንድ» የሚባለው ቫሪያብል ውስጥ ያንኑ መልእክት በፕሪንትኤፍ ታስገቢያለሽ፤ ፎልደሩን ግን እንዳለ አትላኪው፣ በ«ደብሊውኤስኤልፓዝ -ደብሊው» ወደ ዊንዶውስ አድራሻ ቀይረሽ ላኪው፤ ተርሚናሉ የሚጠብቀው እሱን ነው።

ማክ_ላይ፦

ለማክ ተጠቃሚዎች ጨምሬ ልሂድ። አይተርም2 ላይ ሴቲንግስ፣ ፕሮፋይልስ፣ ጄኔራል ውስጥ «ወርኪንግ ዳይሬክተሪ» የሚል ክፍል አለ፤ ሆም፣ የቀደመው ታብ ፎልደር፣ ወይም የራሳችሁን አድራሻ ትመርጣላችሁ። አብሮ የሚመጣው ተርሚናል ግን እንደዚህ ያለ የአድራሻ ሳጥን የለውም። ጄኔራል ገጽ ላይ አዲስ መስኮትና አዲስ ታብ ከነባሪው ይነሱ ወይስ ካሉበት ፎልደር ይቀጥሉ የሚለውን ብቻ ነው የሚጠይቀው። ቋሚ አድራሻ ለመስጠት የፕሮፋይሉ «ሼል» ገጽ ላይ «ረን ኮማንድ» የሚለውን አብርታችሁ የሲዲ ትዕዛዙን አስገቡ፤ «ረን ኢንሳይድ ሼል» የሚለው ሳጥን ምልክት እንዳለበት ሳታረጋግጡ ግን አትዝጉት።